ስም ከቤት ቀድሞ ሲፈርስ፤ ስለ ወይዘሮ ጄን ጄኮብስ መጽሐፍ

ወይዘሮ ጄን ጄኮብስ የተባሉ አሜሪቃዊት በ1961 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ «የታላላቆቹ የአሜሪቃ ከተሞች ሞትና ሕይወት» ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) ቅኔ ቤት የዋለ አንባቢ ገጹን ሳይገልጥ በርእሱ ላይ ጥቂት መቆሙ አይቀርም። የሰው ልማድ «ሕይወትና ሞት» ማለት ነው፤ ከትንሣኤ ነገር በቀር ሰው ኖሮ ይሞታል እንጂ ሞቶ አይኖርምና። እኚህ ጸሐፊ ግን ሞትን አስቀድመው ሕይወትን አስከተሉ። ይህ አገባብ ለጌጥ የመጣ አይደለም። ከተማ እናድናለን የሚሉት ሰዎች ከተማውን ሲገድሉ፥ ሙት ነው ተብሎ ሊቀበር የተቈረጠበት ሠፈር ደግሞ በሕይወት ሲገኝ አይተዋልና፥ መጽሐፉ ከመጀመሪያው ቃል አንሥቶ ክርክር ነው። ገና በመግቢያው በዘመኑ የከተማ አሠራር ላይ የተነሣ ጦር መሆኑን ሳይሸፍኑ ይናገራሉ።

የነገሩ መነሻ ካልታወቀ የመጽሐፉ ቍጣ አይገባም። በ1949 ዓ.ም. የአሜሪቃ መንግሥት ስለ መኖሪያ ቤት ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ አንደኛ ክፍል መሠረት የአንዱ ከተማ ማዘጋጃ ቤት አንድን ሠፈር መርጦ የተጎሳቈለ ነው ብሎ ይሰይማል፤ ቤቱንም መሬቱንም በግምት ይገዛል፥ አልሸጥም ያለውንም በሕግ ኀይል ያስለቅቃል፤ ከዚያም አፍርሶ ባዶውን መሬት ለሠሪው ኩባንያ በርካሽ ይሰጣል። በግዢውና በሽያጩ መካከል ከሚደርሰው ጕድለት ሁለት ሦስተኛውን የሚከፍለው የመንግሥት ግምጃ ቤት ነው። በኒው ዮርክ ከተማ ይህን ሥራ ከ1948 እስከ 1960 ዓ.ም. የመሩት ሮበርት ሞዝስ የተባሉ ብርቱ ሹም ነበሩ። በቦስተን ከተማ ደግሞ ዌስት ኤንድ የተባለው ሠፈር በዚሁ ሕግ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ሲፈርስ 2,700 ያህል ቤተ ሰብ ተበተነ፤ በቦታውም የቆመው ረጅም ሕንፃ የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች ሊከራዩት የማይችሉት ሆነ።

እንግዲህ ልብ ብሎ ለሚያይ ሰው ይህ ሁሉ መሣሪያ የሚዞረው በአንዲት ቃል ላይ ነው። ሠፈሩ ያን ስም ካልተቀበለ ገንዘቡ አይመጣም፤ ገንዘቡም ካልመጣ አፍራሹ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ከቤቱ ግድግዳ አስቀድሞ የሚፈርሰው የሠፈሩ ስም ነው። ሹማምንቱ የሚጠቀሙበት ቃል ሁለት ነበር። አንደኛው «ብላይት» ይባላል፤ ጥንታዊ ፍቺው እህልን የሚመታ ዋግ ነው። ምሳሌው ራሱ ፍርዱን ይዞ የመጣ መሆኑን አንባቢ ያስተውል። ስንዴው ዋግ መታው ከተባለ ገበሬው ለጤነኛው አዝመራ ሲል የታመመውን ይነቅላል እንጂ ስንዴውን ቀርቦ አሳብህ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቀውም። ሰውን በእህል መስለው በጀመሩ ጊዜ የማማከሩ ነገር በዚያው ቀረ። ሁለተኛው ቃል «ስላም» ነው፤ የድኾች የተጨናነቀ ሠፈር ማለት ነው። የፊደሉ ዕጣ ሆኖ ሳድሱ «ስ» ግዕዝ ቢሆን «ሰላም» ይሆናል፤ ወይዘሮ ጄን አማርኛ አያውቁም እንጂ ይህን ኅብር ቢያገኙ አንድ ምዕራፍ በጻፉበት ነበር።

የናቡቴን ታሪክ የሚያውቅ ይህ መንገድ አዲስ አይሆንበትም። አክዓብ የወይኑን ቦታ የፈለገ ጊዜ መጀመሪያ ዋጋ ሰጠ፥ የተሻለ ወይንም ልስጥህ አለ፤ ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም ባለ ጊዜ ግን ቦታው ከመወሰዱ በፊት ሰውዬው ተሳዳቢ ነው ተብሎ በሐሰተኛ ምስክር ስሙ ጠፋ። ነገር ግን ይህ ምሳሌ ከአሜሪቃው ነገር ጋር እስከ መጨረሻው አይሄድም። ናቡቴ ባለ ርስት ነበር፤ በእነዚያ ከተሞች ከተነሡት ሰዎች የሚበዙት ግን ተከራዮች ነበሩ፤ የአባቶቼ ርስት ብለው የሚከራከሩበት ወረቀት አልነበራቸውም። የወይዘሮ ጄን መጽሐፍ ጥቅሙ ከዚህ ላይ ነው፤ ርስት ለሌለው ሰው መከራከሪያ አገኙለት። ይኸውም መከራከሪያ የዓይን ምስክርነት ነው።

ስለ ቦስተኑ ኖርዝ ኤንድ ሠፈር የጻፉት ይህን በግልጥ ያሳያል። ሠፈሩ በባለ ሙያዎች መዝገብ የከተማው ክፉ ሠፈር ተብሎ የተጻፈ ነበር፤ እርሳቸው ግን ሲደርሱበት ቤቱ ታድሶ፥ ሱቁ ሞልቶ፥ ልጆች በመንገድ ሲጫወቱ አገኙት። ወዲያው ለአንድ የከተማ ፕላን ዐዋቂ ወዳጃቸው ቢደውሉለት ያ ሠፈር ከሁሉ የከፋ ነው ብሎ መለሰላቸው። ቍጥሩን ሲጠይቁት ግን የወንጀሉም የበሽታውም የሕፃናቱም ሞት መጠን በከተማው ከሚገኘው ሁሉ ዝቅተኛ ከሚባሉት ወገን መሆኑን ራሱ ነገራቸው፤ እርሱም እዚያ መንሸራሸር ደስ እንደሚለው አልደበቀም። ይሁን እንጂ በትምህርት ቤት የተማረው ክፉ ነው ስለሚል ክፉ ነው። ባንኮቹም ለዚያ ሠፈር ብድር አይሰጡም ነበርና፥ ነዋሪዎቹ ቤታቸውን ያደሱት ግንበኛው ለአናጢው፥ አናጢውም ለግንበኛው ጕልበቱን እያበደረ ነው። ጸሐፊዋ ወዳጃቸውን አይሳደቡም፤ የገዛ ቃሉን ብቻ አጠገብ ላጠገብ ያስቀምጡታል። ዓይኑ ያየውንና መጽሐፉ ያስተማረውን ለማስታረቅ ያልቻለ የተማረ ሰው ከዚህ በተሻለ የተሣለበት ስፍራ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ከመጽሐፉ ሁሉ አንባቢ የማይረሳው ግን የሣሩ ነገር ነው። በኒው ዮርክ ኢስት ሃርለም በተባለው ሠፈር አሮጌው ቤት ፈርሶ ለድኾች አዲስ ረጅም ሕንፃ ተሠራ፤ በመካከሉም አራት ማዕዘን ያለው የሣር መስክ ተተከለ። ነዋሪዎቹ ያን ሣር እጅግ ጠሉት፤ ይጥፋልን እስከ ማለት ደረሱ። እዚያ የሚሠራ የበጎ አድራጎት ሰው ነገሩ ቢገርመው ምክንያቱን ይጠይቅ ጀመር፤ መልሱ ብዙ ጊዜ ግልጥ አልሆነለትም። በመጨረሻም ከተከራዮቹ አንዲት ነገሩን አወጡት። ይህ ሲሠራ ምን ትወዳላችሁ ብሎ የጠየቀን የለም፤ ቤታችንን አፍርሰው እኛን ወደዚህ፥ ወዳጆቻችንን ወደዚያ ጣሉ፤ ቡና የምንጠጣበት፥ ጋዜጣ የምንገዛበት፥ ሳንቲም የምንበደርበት ስፍራ በአቅራቢያችን የለም፤ ታላላቆቹ ሰዎች ግን መጥተው ሣሩን አይተው ድኾቹ እንግዲህ ሁሉን አገኙ እያሉ ይደሰታሉ፤ የነገራቸው መንፈስ ይህ ነበር። በአዲስ አበባ ከአሮጌ ሠፈሩ ተነሥቶ ዳር ወዳለ የጋራ መኖሪያ ቤት የገባ፥ ዕድሩም የተበተነበት ሰው ይህን ምንባብ ያለ ተርጓሚ ያውቀዋል። ውኃው በቧንቧ፥ መብራቱም በግድግዳ ገብቶለት እያለ ለምን ያዝናል ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ እንደዚያች ተከራይ ወዲያው አይመጣለትም።

በዚህ ግን አንድ ነገር መጠንቀቅ ይገባል። የአገራችን አንባቢ ወይዘሮ ጄን ስለ መንገድ ዳር ኑሮ የጻፉትን ሲያነብ ዕድርና ቡና መጠራራት ይመስለዋል። እርሳቸው የሚሉት ግን ሌላ ነው። መልካም የከተማ መንገድ ሰዎች ቤት ለቤት ሳይገባቡ የሚተዋወቁበት ነው ይላሉ። በሠፈራቸው እንግዳ የሚመጣበት ሰው የቤቱን ቍልፍ ከባለ ሱቁ ዘንድ ያኖራል፤ ባለ ሱቁም ቍልፉን የሚጠብቀው ታማኝ ስለ ሆነ ብቻ ሳይሆን ማን መጣ፥ ለምን መጣ፥ መቼ ይሄዳል ብሎ ስለማይመረምር ነው። ሰዎች ያለ ልክ ተቀራርበው እንዲኖሩ የሚያስገድድ ሠፈር ወይ እርስ በርሱ ይሰለቻል ወይም ከራሱ የማይመስለውን ያስወጣል ብለው ያስጠነቅቃሉ። በእኛ ዘንድ ጕርብትና ከዘመድ የሚቈጠር ስለ ሆነ ይህ አሳብ ቀዝቃዛ ይመስላል። ዳሩ ግን በከተማ የሚኖረው እንግዳ ብዙ ነውና፥ ሳይዋደዱ መጠባበቅ ከመዋደድ ይልቅ የሚከብድ ጥበብ መሆኑን ካሰቡት ነገሩ እንደ ቀላል የሚጣል አይደለም።

ስለ ጽሕፈታቸው ሥርዓት ይህ ይበቃል፦ መጽሐፉ ሥዕል የለውም። የምንናገርለት ነገር ሁሉ በዙሪያችሁ ስላለ ወጥታችሁ ከተማውን እዩ የሚል ማሳሰቢያ በመጀመሪያው ተጽፏል። ሐሳብን በፕላን ወረቀትና በትንሽ አምሳያ ሕንፃ የሚያሳዩትን ባለ ሙያዎች ከዚህ በላይ የሚነቅፍ ነቀፋ የለም። ወይዘሮ ጄን ራሳቸው በዩኒቨርሲቲ ጥቂት ተምረው ማዕርግ ሳይቀበሉ የወጡ፥ ስለ ሕንፃ ሥራ በሚጽፍ መጽሔት የሚሠሩ፥ የሦስት ልጆች እናት ነበሩ። ሉዊስ መምፈርድ የተባሉት ስመ ጥሩ ሊቅ በ1962 ዓ.ም. በጻፉት ብርቱ ትችት መጽሐፉን የእናት ጄኮብስ የቤት መድኃኒት የሚል ርእስ ሰጥተው ተሣለቁበት። በዳማ ከሴና በጤና አዳም ያደገ አንባቢ ግን የቤት መድኃኒት መባል እንደ ምን ስድብ እንደሚሆን አይገባውም።

መጽሐፉ ገና ወደ ማተሚያ ሲሄድ ነገሩ ወደ ጸሐፊዋ በር መጣ። በየካቲት 1961 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ማዘጋጃ ቤት እርሳቸው የሚኖሩበትን የዌስት ቪሌጅን 14 ብሎክ (ብሎክ ማለት በአራት ጎዳና መካከል ያለ የቤቶች ክምችት ነው) ለማደስ እንዲጠና አሳቡን ገለጠ። ማደስ የተባለው መፍረስ መሆኑን የአካባቢው ሰው ከሌሎቹ ሠፈሮች ተምሯልና ወዲያው ማኅበር አቆመ። የማኅበሩ ሥራ ጩኸት ብቻ አልነበረም፤ ነዋሪዎቹ ቤት ለቤት ዞረው የሠፈሩን ኑሮ በገዛ እጃቸው ቈጥረው የጻፉት የማዘጋጃ ቤቱን ቃል የሚያፈርስ ሆነ። የሚፈርስ ቤት መስኮቱ በመስቀለኛ ምልክት ይታወቅ ነበርና፥ ከሠፈሩ ሰዎች አንዳንዶቹ በጥቍር መነጽራቸው ላይ ያን ምልክት ለጥፈው ወደ ሰልፍ ወጡ። ቤታችንን ስታፈርሱ ዓይናችንን ታጠፋላችሁ ማለታቸው ይመስላል፤ ማንም ሳያስተምራቸው የተቀኙት ቅኔ ነው። በ1962 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የከተማው ፕላን ኮሚሲዮን የተጎሳቈለ የሚለውን ስያሜ ከሠፈሩ አነሣ። ስሙ ሲነሣ ቤቱ ዳነ።

ተቃውሞ አፍራሽ ብቻ ነው ለሚሉት መልስ የሚሆነው ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነው። የሠፈሩ ሰዎች የራሳቸውን ፕላን አሠርተው በባዶ ቦታዎች ላይ ዝቅ ያለ ሕንፃ እንዲሠራ ጠየቁ፤ አንድ ሰው እንኳ፥ አንዲት ድንቢጥ እንኳ ከቦታዋ እንዳትነሣ የሚል ቃልም የእንቅስቃሴያቸው መፈክር አደረጉ። ከወንጌል ድንቢጥ የተበደሩት ቃል ይመስላል። ማዘጋጃ ቤቱ ግን ይህን ፕላን ለመቀበል ዓመታት ፈጀ፤ ገንዘቡም እየተቈረጠ ሄዶ፥ 420 ቤቶች ያሉት ባለ አምስት ደርብ የሸክላ ሕንፃ ያለቀው ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። መልኩ ደረቅና ጌጥ የሌለው ሆነ ብለው የነቀፉት ብዙዎች ናቸው። ወይዘሮ ጄን በዚያ ጊዜ አገር ለቀው ነበር፤ በቬትናም ጦርነት ምክንያት በ1968 ዓ.ም. ወደ ካናዳ፥ ወደ ቶሮንቶ ተሻግረው እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 2006 ዓ.ም. እዚያ ኖሩ።

አሁን ወደ ነቀፋው መምጣት ያሻል። መጽሐፉ ስለ ጥቍሮች አሜሪቃውያን የሚናገረው ለነገሩ ክብደት አይበቃም። በዚያ ሕግ ከቤታቸው ከተነሡት መካከል የእነርሱ ቍጥር ከድርሻቸው እጅግ የበዛ ነበር፤ ሌላ ሠፈር ሄደው እንዳይከራዩም የቆዳቸው ቀለም በር ይዘጋባቸው ነበር። የሃድሰን ጎዳና ሰዎች ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር የተከራከሩት ጋዜጣ በሚሰማቸው፥ ጠበቃ በሚገኝበት ሠፈር ሆነው ነው። በሌላው ሠፈር ተመሳሳይ ጩኸት የጮኹ ሰዎች ግን ሰሚ አጡ። ጸሐፊዋ ይህን ጨርሰው አልዘነጉትም፤ ባንኮች ሠፈር እየለዩ ብድር መከልከላቸውን በብርቱ ተናግረዋል። ቢሆንም የዓይን ምስክርነት ዓይን ባለበት ስፍራ ይወሰናልና፥ ከመስኮታቸው የሚታየውን መንገድ ያህል ከመስኮታቸው የማይታየው አልተጻፈም።

ሁለተኛው ነቀፋ በመጽሐፉ ላይ ሳይሆን በአንባቢዎቹ ላይ የሚወድቅ ነው። ዌስት ቪሌጅ ከመፍረስ ዳነ፤ ይሁን እንጂ ዛሬ በዚያ ቤት የሚገዛው እጅግ ባለጠጋ የሆነ ሰው ብቻ ነው። ያን ጊዜ በመንገዱ ላይ ከታዩት የወደብ ሠራተኛና ሥጋ ሻጭ ልጆች አንዱ ዛሬ ያን ደጅ በኪራይ ሊረግጠው አይችልም። ይህን ለማስረዳት ሌላ መጽሐፍ መፈለግ አያስፈልግም፤ በ13ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። አንድ ሠፈር በልዩ ልዩነቱ ደስ የሚያሰኝ ሲሆን ባለ ገንዘቡ ይሽቀዳደምበታል፤ ከዚያም ያስደሰተውን ልዩ ልዩነት ራሱ ያጠፋዋል ይላል። በ16ኛው ምዕራፍ ደግሞ ገንዘብ ለከተማ እንደ መስኖ በልክ ሲመጣ ያበቅላል፥ እንደ ጎርፍ ሲመጣ ግን ጠርጎ ይወስዳል የሚል ምሳሌ አለ። በ17ኛው ምዕራፍም ኪራይ መክፈል ለማይችል ሰው መንግሥት ድኻውን ለብቻው በአንድ ግቢ ከማጎር ይልቅ የጎደለውን ኪራይ እየሞላ ከሌላው ሕዝብ ጋር ተቀላቅሎ እንዲኖር ያድርገው የሚል ዝርዝር አሳብ አለ። ይህ ምዕራፍ ደረቅ ነው፤ ሒሳብ ይበዛዋል፤ ስለዚህ ጥቂት ሰው ብቻ ያነበዋል። ስለ መንገድ ዳር ጭፈራ የተጻፈው ግን በሁሉ ዘንድ ይጠቀሳል።

ከዚህ የተነሣ ዛሬ በአሜሪቃ ከተሞች የወይዘሮ ጄንን ስም የሚጠሩት ሰዎች ሁለት ዓይነት ሆነዋል። አንዱ ወገን በላዩ ላይ ሊፈርስበት ያለውን ቤት ለማዳን ይጠራቸዋል። ሁለተኛው ወገን የራሱ ቤት ማንም የማይነካበት ሆኖ ሳለ፥ በአጠገቡ ሌላ ሰው የሚኖርበት ቤት እንዳይሠራ ይጠራቸዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለዚህ ሁለተኛው በእኔ ጓሮ አይሁን የሚል መሣለቂያ ስም አውጥተውለታል። ካሊፎርኒያ በ2021 ዓ.ም. አንድ ቤት ብቻ ይፈቀድበት በነበረው መሬት ላይ ሁለት ቤት እንዲሠራ የሚፈቅድ ሕግ ባወጣች ጊዜ ብዙ ማዘጋጃ ቤቶችና የሠፈር ማኅበሮች ተነሡባት፤ ከሚያነሡት ቃልም አንዱ የሠፈሩ ጠባይ የሚለው ነበር። ቀድሞ ሹማምንቱ «ዋግ» ብለው ሰው ያስወጡ ነበር፤ አሁን ደግሞ ነዋሪው «ጠባይ» ብሎ ሰው እንዳይገባ ያደርጋል። ሁለቱም ቃል ቍጥር የሌለው፥ ሊመረመር የማይወድ ቃል ነው።

እነዚህ ሰዎች 11ኛውን ምዕራፍ አላነበቡትም። ወይዘሮ ጄን አንድ ሠፈር ሕያው እንዲሆን አራት ነገር ያሻዋል ይላሉ፤ ሥራና መኖሪያ የተቀላቀለበት መሆን፥ አጫጭር ብሎክ፥ ከአዲሱ ሕንፃ ጋር ኪራዩ የረከሰ አሮጌ ሕንፃ፥ አራተኛውም የሰው ብዛት ነው። የሰው ብዛትና መጨናነቅ አንድ እንዳልሆኑ፥ በአንድ ክፍል ብዙ ሰው መታጎሩ ሌላ፥ በአንድ መሬት ላይ ብዙ ቤት መኖሩ ሌላ መሆኑን በዚያ ምዕራፍ በትዕግሥት ይለያሉ። የቤት ብዛት የሚፈራ ሰው እርሳቸውን ምስክር አድርጎ ሲቆም ወርቁን ጥሎ ሰሙን ይዞ እንደ ሄደ ተማሪ ነው። መጽሐፉ 22 ምዕራፍ አለው፤ መጀመሪያ ሊነበቡ የሚገባቸው ግን 11ኛውና 17ኛው ናቸው፤ ስለ ሃድሰን ጎዳና የተጻፈው ከእነርሱ በኋላ ቢደርስ ጣዕሙ አይጐድልም።